ባህር ዳር ሆኖ በርቀትና በኦንላይን ዩኒቨርሲቲ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አጠገብ ትንሽዬ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሁለት ኮምፒውተር አንድ ፕሪንተር አንድ ስካነር። ቅዳሜና እሁድ ቤቷ ሞልታ በረንዳው ላይ ሰው ይቆማል ምክንያቱም የርቀት ተማሪ ቱቶሪያል፣ መምህሩ በአካል ሚያስረዳበት ማለት ነው፣ ያለው በዛ ቀን ነው። ፕሪንተሩ እስኪያወጣ ድረስ ሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው። እኔም የአካውንቲንግ ዲግሪዬን በርቀት ነው ያገኘሁት፣ አራት ዓመት ከግማሽ ፈጅቶብኛል፣ አሁን ደግሞ ማስተርሴን በኦንላይን ጀምሬ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነኝ። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግም ከምውል ብዬ ፅፌዋለሁ፣ የሚያስፈልጋችሁን ጥያቄ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ርቀትና ኦንላይን አንድ ናቸው እንዴ?

አይደሉም፣ ግን እየተቀላቀሉ ነው። የምናውቀው ርቀት ማለት ሞጁል፣ የኮርሱን መማሪያ መፅሐፍ ማለት ነው፣ ትወስዳለህ፣ ቤትህ ታነባለህ፣ አሳይመንቱን በእጅህ ሉክ ላይ ፅፈህ ታስገባለህ፣ በሴሚስተር አንዴ ወይ ሁለቴ ቱቶሪያል አለ፣ ፈተናውን ማዕከል ሄደህ ትፈተናለህ። ኦንላይን ደግሞ ሌክቸሩም አሳይመንቱም ውይይቱም በኢንተርኔት ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙድል የሚባለውን ሲስተም ነው ሚጠቀሙት። አሁን ግን ርቀት ነኝ የሚለውም ሞጁሉን በቴሌግራም በፒዲኤፍ እየላከ ነው፣ ኦንላይን ነኝ የሚለውም ፋይናል ላይ በአካል ና ይላል። ስለዚህ ስሙን ተወውና ስትመዘገብ ፈተናው የት ነው፣ ቱቶሪያሉ ስንት ጊዜ ነው፣ ሞጁሉ በወረቀት ይሰጣል ወይ ብለህ ጠይቅ። መልሱን ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ ካላወቀችው የሚያውቅ ሰው ጋር አገናኚኝ በላት።

ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ይሄን ጥያቄ ሰው ከተመዘገበ በኋላ ነው ሚጠይቀኝ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

እውቅና ሰጪው የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው፣ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ማለት ነው። ብዙ ሰው ያልገባው ነገር ምንድነው፣ እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለብቻ፣ ለመደበኛና ለርቀትም ለየብቻ ነው፣ ደሞ ጊዜ አለው ያልቃል ይታደሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ማኔጅመንት በመደበኛ እውቅና አለው ማለት ባህር ዳር ላይ ማርኬቲንግ በርቀት እውቅና አለው ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት ካሳዩህ ቀረብ ብለህ አራት ነገር አንብብ፦ የትምህርት ክፍሉን፣ የካምፓሱን ስም፣ የአሰጣጡን ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን። ከዛ ፎቶ አንሳውና ባለስልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር አስተያየው።

አንዲት ልጅ የሁለት ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ይዛ መጥታ ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ደረደረችልኝ፣ አስራ አንድ ደረሰኝ ነበር፣ ስካን አድርጊልኝ አለችኝ። የተማረችበት ክፍል እውቅናው ለመደበኛ ብቻ እንደነበር ያወቀችው ትራንስክሪፕት ስትጠይቅ ነው። ስካን እያደረግኩ እጇን ነበር ማየው፣ ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጠቻቸው፣ አንዱም አልተጨማደደም። እንደዚህ ጠንቃቃ የሆነች ልጅ አንድ ወረቀት ሳታነብ ቀርታ ነው ሁለት ዓመቷ የሄደው። ከዛ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው የምዝገባ ፎርም ሊሞላ ሲመጣ እውቅናውን አይተኸዋል ወይ ሳልል ፕሪንት አላደርግም።

ለመግባት ምን ያስፈልገኛል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ እሱም በተፈተንክበት ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው መቁረጫ ነጥብ ነው ሚታየው። የቴክኒክና ሙያ ሌቭል 4 ጨርሰው ሲኦሲ ሚባለውን የብቃት ምዘና አልፈው የሚገቡም አሉ ግን ተጨማሪ መስፈርት ስላለው ቀድመህ አጣራ። ለማስተርስ ደሞ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ ጋት ሚባለው፣ እሱን ማለፍ ግድ ነው። ያለ መግቢያ ውጤት ግባ እናስተካክልልሃለን የሚልህ ሰው ካለ ተነስተህ ውጣ።

ልጄ፣ እኔ 47 ዓመቴ ነው፣ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ አሁን ልጀምር ብል አይከብደኝም?

እትዬ ይጀምሩ። ቱቶሪያል ክፍል ሲገቡ ያዩታል፣ ከእርስዎ የሚበልጡም ይኖራሉ። ርቀት ትምህርት ድሮም የተሰራው ስራና ቤተሰብ ላለው ሰው ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ሰርቶ ለሚያድር ሰው ተብሎ ነው፣ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳም እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ሲያስተምር ኖሯል፣ ማንዴላ የህግ ዲግሪያቸውን ከዚሁ ዩኒሳ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ሰባ ዓመት አካባቢ ሆኗቸው ገና እስር ላይ እያሉ ነው።

የሚከብድዎት ዕድሜው አይደለም፣ የሚከብድዎት ኮምፒውተሩ ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ ወር ልጆችዎ ያሳዩዎታል። ፋይል ማውረድ፣ ፋይል መላክ፣ ወርድ ላይ መፃፍ፣ ፓስወርድ አለመርሳት፣ እነዚህ አራቱ ይበቃሉ። ፓስወርድዎን ደብተር ላይ ይፃፉት፣ በሰው ስልክ ላይ ከፍተው አይተዉት።

ከሬጉላር እኩል ይቆጠራል? ቀጣሪ አይንቀውም?

እውቅና ካለው ዲግሪው ዲግሪ ነው። የሚንቅ ቀጣሪ የለም ብዬ አልዋሽም፣ አለ፣ ግን የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በሙሉ የመንግስትም የግልም ይሁን፣ ቀንም ማታም ርቀትም ይማር፣ ያንኑ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ካላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ማለት አራት ዓመት ግቢ ውስጥ የተቀመጠውና አንተ ፊት ለፊታችሁ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ፣ ብዙ ጓደኞቼ ግን አይደሉም።

አንድ ምክር፣ ለመውጫ ፈተናው ከሁለተኛ ዓመት ጀምረህ ተዘጋጅ። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚወጡ በየትምህርት ክፍሉ ብሉ ፕሪንት አለ፣ እሱን ፕሪንት አድርገህ ሞጁሎችህ ላይ ለጥፈው። ብሉ ፕሪንቱ ላይ የወጡ ኮርሶችን ሞጁል አትሽጥ አታውስ። ሰው ሁሉ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ሞጁሉን ለጎረቤት ሰጥቶ በመጨረሻ ፈተናው ሲደርስ ከኔ ኮፒ ሊያስደርግ ይመጣል።

ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ማውስ ይዞ የማያውቅ ሰው ቀድሞ ይለማመድ፣ መልሱን እያወቀ ሰዓት የሚበላበት ሰው አለና።

ክፍያው ስንት ነው?

እንደ ትምህርት ቤቱና እንደ ክፍሉ ይለያያል፣ ሚሰላው በክሬዲት ሀወር ነው። የክሬዲቱን ዋጋ ብቻ ሰምተህ አትወስን። ምዝገባ አለ፣ ሞጁል አለ፣ ድጋሚ ፈተና አለ፣ መመረቂያ አለ፣ ከዛ ላይ ትራንስፖርትና ካርድ። ሁሉንም ፅፈው እንዲሰጡህ ጠይቅ። ስትከፍል በባንክ ወይ በቴሌብር ክፈል፣ በእጅ ለማንም አትስጥ፣ ደረሰኙን ደግሞ በዛው ቀን ፎቶ አንሳው ምክንያቱም የባንክ ደረሰኝ ፅሁፉ ሲቆይ ሊጠፋ ይችላል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ላድርግ?

እዚህ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ክልላችን ውስጥ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም፣ ያኔ ኦንላይን ጀምረው የነበሩ ስንት ልጆች ሴሚስተር እንደወደቀባቸው አውቃለሁ። እኔ ግን ያኔ የመጨረሻ ሞጁሎቼ በወረቀት ስለነበሩ ማንበቤን አላቆምኩም። ለዛ ነው እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ የሚታተመውን ሁሉ አትሙት የምለው፣ ኮፒ ቤት ስላለኝ አይደለም፣ ሌላ ቦታ አሳትሙት፣ ብቻ እጃችሁ ላይ ይኑር።

በደህናው ጊዜም ቢሆን ዳታ ገንዘብ ነው። በዙም የቡድን ቪዲዮ አንድ ሰዓት ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል። ካሜራህን ዝጋ፣ የሌሎቹንም ቪዲዮ እንዳያመጣብህ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ አጥፋው፣ ድምፅና ስላይዱ ይበቃሃል። የተቀዳ ሌክቸር ከሆነ ዝቅ ባለ ጥራት አውርደው፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ካልፃፈ በቀር ፊቱን ጥርት አድርገህ ብታይ ምንም አይጨምርልህም። የሙድል አፕ ስልክህ ላይ ካለ ኮርሱን አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላለህ፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ ታወርደዋለህ ሳምንቱን ሙሉ ታነበዋለህ።

ኦንላይን ፈተና ካለህ ግን በስልክ ዳታ ብቻ አትተማመን። ሁለት ሲም ይኑርህ፣ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ቀጥል። ላፕቶፑን ቀድመህ ቻርጅ አድርግ፣ መብራት ሚሄደው ያው ሁሌም ፈተና ላይ ነው። ከተቋረጠብህ የስክሪኑን ፎቶ ሰዓቱ እንዲታይ አድርገህ በሌላ ስልክ አንሳና በዛው ቅፅበት ለመምህሩ ላክ፣ በማግስቱ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

ዘጌ፣ ደቅ፣ ሀሙሲት፣ መሸንቲ ያላችሁ ልጆች፣ ፈተና ካለ ከተቻለ ዋዜማውን ከተማ ገብታችሁ እደሩ። መንገድ የተዘጋ እንደሆነ ፈተናው አይጠብቃችሁም፣ ጀልባውም ንፋስ ካለ ይዘገያል።

የፈተናውን ሰዓት እንዴት ነው ማነበው?

አንድ ልጅ ነበረ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ መታወቂያውን በፕላስቲክ ከቶ፣ ከሰዓት ሰባት ተኩል ላይ መጥቶ "ስምንት ሰዓት ፈተና አለኝ ጥሩውን ኮምፒውተር ስጪኝ" አለኝ። ሰጠሁት። ገፁን ሲከፍተው ዝግ ነው። ማስታወቂያውን አብረን አነበብነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ነው የሚለው፣ በኛ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። አምስት ሰዓት ተኩል አልፎታል። ልጁ ምንም አላለም፣ ማውሱን እንደያዘ ዝም ብሎ ስክሪኑን ያይ ነበር። ቤት ቁጭ ብሎ ሲያነብ ነበር ያረፈደው፣ ፈተናው ባለፈበት ሰዓት ለዛው ፈተና እያጠና ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ ለቀጣይ ሴሚስተር አዘዋወሩለት።

ስለዚህ ደንቡ ይሄ ነው፣ በፈረንጅ የተፃፈ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንስ ወይ ጨምር፣ ከዛም ጠዋት ይሁን ማታ በቃል አረጋግጥ። የውጭ ትምህርት ቤት ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሰዓቱን በግሪንዊች አቆጣጠር ይሰጡሃል፣ እኛ ከዛ ሶስት ሰዓት እንቀድማለን። እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል ካሉህ በኛ ከሌሊቱ ለዘጠኝ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። አሜሪካን ሀገር ከሆነ ደሞ በክረምትና በበጋ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በየሴሚስተሩ አስላው።

ቀኑም እንደዛው ነው። 03/04 ተብሎ ቢፃፍ አሜሪካዊው ማርች 4 ብሎ ያነበዋል፣ እንግሊዙ ኤፕሪል 3 ይለዋል፣ አንተ ደሞ ታህሳስ 3 ልትለው ትችላለህ። ወሩ በቃል ካልተፃፈ ጠይቅ። እኔ ሴሚስተር ሲጀምር ቀኖቹን ሁሉ ወደኛ ቀይሬ በትልቁ ፅፌ ፍሪጅ ላይ ነው ምለጥፈው፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያየው ያስታውሱኛል።

ፎርሙ ላይ የአባት ስም ነው የአያት ስም ሚገባው?

ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው፣ ፓስፖርት ከሌለህ ፋይዳህ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። ፀሐይን በእንግሊዝኛ በቲና በኤስ ሚፅፍ አለ በቲ ብቻ ሚፅፍ አለ፣ አንዱ ወረቀት ላይ እንዲህ ሌላው ላይ እንዲያ ከሆነ በመጨረሻ ሁለት ሰው ትሆናለህ። የ12ኛ ክፍል ካርድህ ከመታወቂያህ ጋር ካልገጠመ አሁኑኑ አስተካክል፣ ስትመረቅ አትጠብቅ።

አሳይመንት ሰርተሽ ትሰጪኛለሽ? እከፍላለሁ

አልሰራም። በየሳምንቱ ሶስት አራት ሰው ይጠይቀኛል፣ ሁሉንም እምቢ ብያለሁ፣ ደንበኛም አጥቼበታለሁ። የሚሰሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ከተማው ውስጥ በግልፅ ነው ሚሰራው፣ ግን እስቲ እናስላው። አሳይመንቱን ሌላ ሰው ሰራልህ፣ ማርክ አገኘህ፣ ፋይናሉን ማን ይፈተንልሃል? የመውጫ ፈተናውንስ? አራት ዓመት ከፍለህ በመጨረሻው በር ላይ ባዶ እጅህን ትቆማለህ። ከዛ በላይ ደሞ የሚቆጨኝ አሳይመንቱ እኮ ርቀት ተማሪ ያለው ብቸኛው መምህር ነው፣ ጥያቄው ነው አንብብ ብሎ ሚያስገድድህ።

ቻት ጂፒቲስ? ይሄን ወጣቶቹ ናቸው ሚጠይቁኝ። እኔም እጠቀማለሁ። ያልገባኝን ነገር በቀላሉ አስረዳኝ እለዋለሁ፣ ያስረዳኛል፣ አንዳንዴ ይሳሳታል ሞጁሉ ላይ አይቼ አርመዋለሁ። ፅሁፉን ግን ራሴ ነኝ ምፅፈው። እሱ የፃፈውን እንዳለ ያስገባ ሰው ወዲያው ነው ሚታወቀው፣ በአንድ ቀን ለአምስት ሰው ተመሳሳይ መግቢያ ያለው አሳይመንት ፕሪንት አድርጌ አውቃለሁ፣ እኔ ያወቅኩትን መምህሩ አያውቅም ብላችሁ ነው? በተለይ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ፅሁፍ ጋር ሚያስተያይ ተርኒቲን የሚባል ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፣ ኮፒ ከተገኘብህ ከኮርሱ አልፎ ከትምህርት ቤቱ ልትባረር ትችላለህ።

የውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ብማርስ?

ይቻላል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አዲስ አበባ ላይ ማዕከል ስላለው ቀለል ይላል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የሚባለው የአሜሪካን ኦንላይን ዩኒቨርሲቲም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመ፣ ትምህርቱ ነፃ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን የማመልከቻና በየኮርሱ የምዘና ክፍያ አለው፣ በዶላር። ብዙ ሰው ነፃ ሚለውን ሰምቶ ገብቶ ክፍያው ላይ ይደነግጣል። መክፈል ለማይችል ስኮላርሺፕ ስላላቸው ቀድመህ አመልክት።

ሁለት ነገር ግን እወቅ። አንደኛ አከፋፈሉ። የኛ ሀገር ኤቲኤም ካርድ ውጭ ሀገር ድረ ገፅ ላይ ዝም ብሎ አይሰራም፣ ባንክህ ሄደህ ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ መኖሩን ጠይቅ። በዘመድ አስከፍላለሁ ካልክም በየሴሚስተሩ መሆኑን አስበህ ግባ። ሁለተኛ፣ ከውጭ ያገኘኸውን ዲግሪ እዚህ ስትቀጠር የአቻ ግምት፣ ከኛ ሀገር ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ወረቀት ማለት ነው፣ ይጠይቁሃል፣ እሱንም የሚሰጠው ያው የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው። ከመመዝገብህ በፊት ይሄ ትምህርት ቤት በኦንላይን ሚሰጠው ዲግሪ ይገመታል ወይ ብለህ ጠይቃቸው። ከተመረቅክ በኋላ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ነፃ ኮርሶቹስ፣ ኮርሴራ ምናምን?

ሰርተፍኬት ነው ዲግሪ አይደለም፣ እሱን ለይተህ ያዝ እንጂ በጣም ጥሩ ናቸው። ኮርሴራና ኢዲኤክስ የሚባሉት የኦንላይን ኮርስ ገፆች ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የጀመሩት፣ ኢዲኤክስን ያቋቋሙት ሀርቫርድና ኤምአይቲ ናቸው። ኮርሴራ ላይ መክፈል ካልቻልክ የገንዘብ እርዳታ የሚል ቦታ አለ፣ ለምን እንደምትማርና ለምን መክፈል እንደማትችል ትፅፋለህ፣ እውነቱን ፃፍ ያንተን ኑሮ ማጋነን አያስፈልግም። የሀርቫርዱ ሲኤስ 50 የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ በራሳቸው ገፅ በኩል ከነሰርተፍኬቱ ነፃ ነው። ለርቀት ተማሪ ደሞ ሌላ ጥቅም አላቸው፣ ሞጁሉ ላይ ያልገባህን ምዕራፍ እዛ ሌላ ሰው ሲያስረዳው ትሰማለህ። እኔ ስታቲስቲክስን ያለፍኩት እንደዛ ነው።

ሁሉም ትምህርት በርቀት ይሆናል?

አይሆንም። ህመምተኛ መንካት፣ ላብራቶሪ መግባት፣ ማሽን መፍታት ያለበት ትምህርት በሞጁል አይገባም። ነርሲንግ ሙሉ በሙሉ በርቀት እናስተምራለን የሚል ካለ ሽሹ። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሶሲዮሎጂ የመሳሰሉት ይሆናሉ። ኮምፒውተር ሳይንስ ላፕቶፕ ካለህ ይሆናል፣ ላፕቶፕ ከሌለህ አትጀምረው፣ ኮድ በስልክ አይለመድም።

ሁለቴ ጀምሬ አቋረጥኩ፣ ምንድነው ችግሬ?

ሰነፍ ነኝ ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል። ሰው ሲያቋርጥ ሳየው ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ ከብዶት አይደለም፣ ብቻውን ሆኖ ነው። ሬጉላር ተማሪ ባያጠና እንኳን ዶርም ውስጥ ሰው ሲያጠና ያያል፣ ነገ ፈተና ነው ሲባል ይሰማል። አንተ ግን ከስራ ደክሞህ ገብተህ ሞጁሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ባትከፍተው ማንም ምንም አይልህም፣ አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት እያለ ወሩ ይሄዳል።

እኔን ያስጨረሰችኝ አንዲት ሴት ናት። ዘጌ ገንዘብ ያዥ ሆና ነበር ምትሰራው፣ የመጀመሪያው ቱቶሪያል ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስልክ ተለዋወጥን። በአስራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ በጀልባ ትመጣለች፣ ሞጁሏን ውሃ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልላ በክር አስራ ነው ምትመጣው፣ ጊዮርጊስ በታች ሀይቁ ዳር ቁጭ ብለን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናጠናለን ከዛ ጀልባው ሳያመልጣት ትሮጣለች።

ኮስት አካውንቲንግ ላይ ኢኩቫለንት ዩኒት የሚባል ነገር አለ፣ በከፊል ያለቀ ምርት በሙሉ ያለቀ ቢሆን ስንት ይሆን ነበር ብለህ ምታሰላበት፣ ሶስት ሳምንት ሞጁሉን ደጋግሜ አንብቤው አልገባኝም። እሷ ፌስታሉን ፈታ ምን አለችኝ፣ "እቴ ቡና አስቢ፣ መቶ ኪሎ ቡና ፀሀይ ላይ አስጥቼ ገና ግማሽ ስራው ነው ያለቀው፣ የደከምኩበትን ስቆጥረው ስንት ኪሎ እንደጨረሰ ሰው ነኝ?" ሃምሳ አልኳት። "በቃ እሱ ነው።" ሶስት ሳምንት የታገልኩት ነገር በአንድ ደቂቃ ገባኝ። የዘጌ ሰው ስለሆነች ቡናው ከልጅነቷ የምታውቀው ነገር ነው፣ ሞጁሉ ላይ ያለው ምሳሌ ግን ሁለታችንም አይተነው የማናውቀው የኬሚካል ፋብሪካ ነበር።

ስለዚህ ለሶስተኛ ጊዜ ስትጀምር አንድ ሰው ያዝ። አምስት መቶ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ አይተካውም፣ እዛ መልስ ይለጣጠፋል እንጂ ማንም አንተን አይጠብቅህም። አንድ ሰው፣ ቀን ቆርጣችሁ፣ ቦታ ወስናችሁ። በአካል ካልተቻለ በስልክ፣ የድምፅ ጥሪ ዳታ አይፈልግም። ያነበብከውን ለሱ አስረዳው እሱም ያስረዳህ። ቀሪ ቢሆን ደውለህ የት ነህ በለው።

ልጅ ያላችሁ እናቶች ደግሞ ቤተሰቡን ንገሩት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከሁለት እስከ አራት እኔ የለሁም በሉ። እኔ ባሌን ቁጭ አድርጌ በግልፅ ነው የነገርኩት፣ መጀመሪያ ከብዶት ነበር፣ በኋላ እራት እሱ ነው የሚያቀርበው። ሳይነገረው ግን ማንም አያውቅልሽም።

አሳይመንት አስገብቼ ግሬዴ አልመጣም፣ ኤንጂ (ግሬድ የለም) ይላል

ደርሶብኛል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የአንድ ኮርስ አሳይመንቴ የለም ተባልኩ፣ እኔ ግን በእጄ አስገብቻለሁ። ያዳነኝ ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ ከማስገባቴ በፊት ሙሉውን ኮፒ አድርጌው ነበር፣ ሁለተኛ የተቀበለኝን ሰው ደብተሬ ላይ ቀን ፅፎ እንዲፈርምልኝ አድርጌ ነበር። እንደዛም ሆኖ አራት ወር ተመላልሻለሁ፣ ዛሬ ነገ ሲሉኝ ሁለቴ አልቅሼ ወጥቻለሁ፣ ግን ፊርማው ስላለ እምቢ ማለት አልቻሉም። በቴሌግራም ወይ በኢሜይል ከላክ ደርሶኛል የሚል መልስ ሳታገኝ አትተኛ። ማመልከቻህንም በቃል ሳይሆን በፅሁፍ አስገባ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጠው፣ ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት የለም ማለት ነው።

ስመረቅ ኦሪጅናል ዲግሪዬን መቼ አገኛለሁ?

መጀመሪያ ሚሰጥህ ቴምፖራሪ፣ ጊዜያዊው የምስክር ወረቀት ነው፣ ለስራ ማመልከቻ ይሆናል። ኦሪጅናሉ የወጪ መጋራት ወይ የክፍያ ዕዳ የሌለብህ መሆኑ ተጣርቶ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን ላንተ በእጅ አይሰጥም፣ ከሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወደሚፈልገው መስሪያ ቤት ነው ሚላከው፣ እና ፖስታውን ለአንተ አደራ ብለው ቢሰጡህ እንኳን እንዳትከፍተው፣ ማህተሙ ከተቀደደ አይቀበሉህም። ቴምፖራሪውን ላሚኔት አታስደርግ፣ በየሳምንቱ ሰው ይዞልኝ ይመጣል እኔም እመልሰዋለሁ፣ ጀርባው ላይ ማህተም ማረፍ ሊኖርበት ይችላል። ኮፒ አድርጌ እሰጥሃለሁ፣ ኮፒውን ላሚኔት እናደርገዋለን፣ ዋናውን በፋይል ከተህ ቤት አስቀምጥ።